ሳይደመጡ የተፈረደባቸው ዱየቶች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። እኔ ጋ በሦስት ሰዎች በኩል ደረሰ። ሁለቱ «አይተኸዋል ወይ?» ብለው ነው የላኩልኝ። ሦስተኛው፣ አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ፣ ምንም ሳይል ላከው። እሱ ፍሉት ይጫወታል፣ እኔ ቫዮሊን። የሁለታችንም እንጀራ ሌላ ነው። ግን እዚህ ሃምቡርግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን የምንጫወታቸው፣ ሲመቸንም የምንቀዳቸው፣ ጽሑፉ «ባሉበት ይተኙ» ያላቸውን ሥራዎች ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ሰው አይደለሁም፤ ይሄን ቀድሜ ልናገር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ለሁለት ሰው ብቻ፣ ያለ ባስ (ከታች የሚያጅብ ወፍራም ድምፅ) እና ያለ ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ የገመድ መሣሪያ) አጃቢ፣ ብዙ ሙዚቃ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ ለአንድ ፍሉትና ለአንድ ቫዮሊን የተጻፉ ዱየቶች አሉ። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያውቃቸው የለም። እነሱን ከየቤተ መጻሕፍቱ እየፈለጉ የሚያወጡና በድምፅ የሚቀርጹ ሙዚቀኞች አሉ። ጽሑፉ ይህን ሥራ ከንቱ ድካም ይለዋል።

ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፣ ሙዚቃም ያውቃሉ። ያላሉትን አላስብላቸውም። የሚሉት አምስት ነገር ነው። ጊዜ እንደ ሰፌድ አበጥሮ ፍሬውን አስቀርቷል፤ የወደቀው የወደቀው ገለባ ስለሆነ ነው። ደግሞ እነዚህ ዱየቶች ለቤት ውስጥ ጨዋታና ለተማሪ መለማመጃ የተጻፉ ናቸው፤ ለሚጫወተው እንጂ ለሚያደምጠው አልታሰቡም። ድምፃቸውም ባዶ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን መሣሪያዎች ከላይ ሲጫወቱ ከታች የሚሸከማቸው ባስ የለም። አራተኛ፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ደራሲዎቹ ሽፋኑ ላይ «ለፍሉት ወይም ለቫዮሊን» እያሉ የጻፉት ለድምፁ ግድ ስላልነበራቸው ነው። በመጨረሻም ኖታው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፤ የፈለገ ያንብበው፤ ለቀረጻ የሚወጣው ገንዘብ በሕይወት ላሉ ደራሲዎች ይዋል።

ከዚህ ውስጥ እውነት ያለበት አለ፤ እየደረስኩበት እናገራለሁ። ዋናው ሐሳብ ግን አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ሥራዎቹ ተደምጠው፣ ተመዝነው የተጣሉ ያህል ይናገራል። አብዛኞቹ ጭራሽ አልተደመጡም።

መጀመሪያ ስለ ሰፌዱ። ሰፌዱን የያዘው ማን ነበር? (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1777 ፓሪስ ውስጥ የታላቁ ደራሲ የሃይድን ኦፐስ 3 (ኦፐስ ማለት የደራሲው የሥራ ቁጥር ነው) ተብለው የታተሙ ስድስት ስትሪንግ ኳርቴቶች፣ ማለትም ለአራት የገመድ መሣሪያዎች የተጻፉ ሥራዎች፣ አሉ። ከእነሱ የአምስተኛው ዘገምተኛ ክፍል «ሴሬናድ» እየተባለ በጣም ተወደደ። ሰው በሃይድን ስም እየሰማው ትውልድ አልፎ ትውልድ መጣ። በ1964 አለን ታይሰንና ሮቢንስ ላንደን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን መርምረው፣ ደራሲው ሃይድን ሳይሆን ሮማን ሆፍሽቴተር የሚባል የቤኔዲክት ማኅበር መነኩሴ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እስቲ አስቡት። ያ መነኩሴ በራሱ ስም ብቻ ቢታተም ኖሮ ሰፌዱ ላይ ይቀር ነበር? እኔ አይመስለኝም። የሞዛርት 37ኛ ሲምፎኒ ሲባል የኖረውም ሥራ በ1907 የሃይድን ታናሽ ወንድም የሚካኤል ሃይድን መሆኑ ታወቀ፤ ሞዛርት የጻፈለት ዘገምተኛ መግቢያውን ብቻ ነው። እዚህም ሥራውን ይዞ ያቆየው ትልቁ ስም ነው። ስሙ ሲነሳ ሙዚቃው ያው ነው፤ የሚፈልገው ሰው ግን ይቀንሳል።

የእኛ ዱየቶች የጠፉበት ምክንያት ደግሞ ከጥራታቸው ጋር እምብዛም አይገናኝም። ያን ጊዜ ፍሉት ማለት ከእንጨት የተሠራ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ መሣሪያ ነበር። ከዚያ አዳራሾች እየሰፉ መጡ። ፒያኖ በየቤቱ ገባ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሆኖ መጫወት የፈለገ ሰው አንድ ፒያኖ ላይ በአራት እጅ መጫወት ጀመረ። በ1847 ቴዎባልድ ቦም ሰፊ አዳራሽ የሚሞላ፣ ቱቦው ቀጥ ያለ የብረት ፍሉት አወጣ። ለእንጨቱ ፍሉት የተጻፈው ሙዚቃ መሣሪያውን አጣ፣ የሚጫወትበትን ክፍል አጣ፣ ተጫዋቹንም አጣ። ይሄ ሁሉ የሆነው ሙዚቃው ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም ሳይጠይቅ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሳሉ ቫዮሊን ተምረዋል። በኋላ የደረሷቸው የፒያኖ ሥራዎች በ1967 ጀርመን ውስጥ በሸክላ ወጡ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን በ2006 የኢትዮጲክ ተከታታይ 21ኛ አልበም ሆነው ሲታተሙ ነው። መካከሉ ወደ 40 ዓመት ነው። በ1990 አንድ ሰው ተነስቶ «ጊዜ አበጥሮታል፣ ጥሩ ቢሆን ኖሮ እንሰማው ነበር» ቢል ምን እንለው ነበር? ሸክላው እዚያው ነበር፣ ጣታቸውም እዚያው ሸክላ ላይ ነበር። የጎደለው እንደገና አትሞ ለሰው ጆሮ የሚያደርስ ነው።

አዎ፣ ከተረሱት ዱየቶች ብዙዎቹ ደካማ ናቸው። ይሄን ማንም የሚቀርጽ ሰው ይነግራችኋል። እኛም ሁለት ጊዜ ተጫውተን ወደ ቦታው የመለስነው ብዙ ነው። ግን ደካማ መሆኑን ያወቅነው ስለተጫወትነው ነው።

ወደ ሁለተኛው። ለቤትና ለተማሪ የተጻፉ ናቸው የሚለው በከፊል ልክ ነው። የኖታ አሳታሚዎች ዋና ደንበኛ ቤቱ የሚጫወት ሰው ነበር። ከዚያ «ስለዚህ ለመደመጥ አይበቁም» ወደሚለው መዝለል ግን አይቻልም። የዮሐን ሴባስቲያን ባህ የሴሎ ስዊቶች ለረጅም ጊዜ እንደ መለማመጃ ነበር የሚታዩት። በ1890 ባርሴሎና ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ የነበረው ሴሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ በአንድ የኖታ መደብር አገኛቸው፤ ዓመታት ሙሉ ሲሠራባቸው ቆይቶ ከ1936 እስከ 1939 ቀረጻቸው። ዛሬ ሴሎ ሲባል መጀመሪያ ወደ ሰው ጆሮ የሚመጣው እሱ ሙዚቃ ነው። ካሳልስ «ይሄ የተማሪ ነው» ብሎ መደብሩ ውስጥ ትቶት ቢወጣስ?

ደራሲዎቹም ቢሆኑ ሁሉም እንደ ቀላል ነገር አላዩዋቸውም። ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ የፕራሻው ንጉሥ የዳግማዊ ፍሬድሪክ የፍሉት መምህር ነበር፤ ስለ ፍሉት አጨዋወት በ1752 የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠናል። ይህ ሰው በ1759 ስድስት የፍሉት ዱየቶች አሳትሟል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባህ ነገር ነው። የዮሐን ሴባስቲያን ልጅ ነው፤ በዚያው በንጉሡ ቤት ሲያገለግል በ1748 ፖትስዳም ውስጥ ለፍሉትና ለቫዮሊን በሚ ማይነር አንድ ዱየት ጻፈ። በ1768 ወደ ሃምቡርግ መጣ። በ1770 ያን ዱየት አውጥቶ እዚሁ በሚታተም የሙዚቃ መጽሔት ላይ አሳተመው፤ ከተጻፈ ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አሁን ይሄን አያይዙልኝ፦ ይኸው ሰው በ1786 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የድሮ ሥራዎቹን ክምር ወረቀት አቃጥሎ እንደጣለና በመጥፋታቸው ደስ እንዳለው ይናገራል። የራሱን ሥራ ለእሳት የማይሳሳለት ሰው ነበር። ያን ትንሽ ዱየት ግን በራሱ እጅ ለኅትመት አበቃው። መቃብሩ እዚህ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል።

«ለሚጫወተው እንጂ ለሚያደምጠው አይደለም» ስለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ይህ ሙዚቃ የተጻፈው ለአንድ ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ምናልባት ሁለት ሦስት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ። አምስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ስታስገባው ይሞታል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቀረጻ ግን አዳራሽ አይደለም። ማይክሮፎኑ ሁለት ሜትር ላይ ይቆማል፣ ሰሚው ቤቱ ተቀምጦ ይሰማል፤ የፍሉተኛው ትንፋሽ፣ ቀስቱ ገመዱን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ይገባል። ሰሚው እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። እንዲያውም ለዚህ ሙዚቃ ከኮንሰርት ይልቅ ቀረጻ የሚቀርበው ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ግን በአዳራሽ ሚዛን መዝነው ቀረጻውን ነው የከለከሉት።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «እውነታቸውን ነው» ብሎ የተቀበለው እሱን ይመስለኛል፤ እኔም ይሄን ሙዚቃ ሳልነካው በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው።

ባስ የለም ማለት ከታች ምንም የለም ማለት አይደለም። የቫዮሊን ዝቅተኛ ገመድ ሶል ነው። የዚያ ዘመን ፍሉት የሚወርደው እስከ ሬ ድረስ ነው። ስለዚህ ከፍሉቱ ወለል በታች ለቫዮሊኑ ብቻ የተተወ ቦታ አለ፤ ጎበዝ ደራሲ ያን ቦታ ይጠቀምበታል። ዮሴፍ ቦዳን ደ ብዋሞርትዬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1734 ፓሪስ ውስጥ ኦፐስ 51 ብሎ ስድስት ሶናታዎች አሳተመ። ርዕሱ ላይ «ለአንድ ፍሉትና ኮርድ እያሰማ ለሚጫወት ቫዮሊን፣ ያለ ባስ» ይላል። ቫዮሊኑ ሁለት ገመድ አንድ ላይ እየሳበ ይሄዳል፤ ከታች ባሱን፣ ከላይ ሁለተኛውን ድምፅ ይይዛል። ፍሉቱ ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አያምንም። ለቫዮሊኑ ሥራው ከባድ ነው፤ እኔ የግራ እጄ ጣቶች እስኪዝሉ ድረስ የተለማመድኩበት ገጽ አለ። ይሄን «ባዶ ድምፅ» ለማለት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ሌላ መንገድም አለ። ጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን በ1738 ፓሪስ ያሳተማቸው ስድስት የካኖን ሶናታዎች ለሁለት ፍሉት ወይም ለሁለት ቫዮሊን ወይም ለሁለት ቪዮላ ዳ ጋምባ (በጉልበት መካከል ተይዞ የሚጫወት የድሮ የገመድ መሣሪያ) የሚሆኑ ናቸው። ሁለቱም ተጫዋቾች የሚያነቡት አንዱን መስመር ነው። አንደኛው ይጀምራል፤ ሌላኛው ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ከመጀመሪያው ያነሳዋል፤ እንዲህ እየተከተሉ ሲሄዱ አንዱ አሁን የሚጫወተው፣ ሌላው ቅድም ለተጫወተው መልስ ሆኖ ይገኛል። ከአንድ መስመር ሁለት ሰው የሚበቃው ሙዚቃ ይወጣል። እኛ አንዱን በፍሉት፣ አንዱን በቫዮሊን እናደርገዋለን። በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲሆን ጆሮ ማን ማንን እንደሚከተል ይጠፋበታል። በሁለት የተለያየ ድምፅ ሲሆን ግን ሁለቱን ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ሰዎች ለይታችሁ ትከተሏቸዋላችሁ።

ዋሽንትና ማሲንቆ አብረው ሲጫወቱ ሰምቶ «ባሱስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ትንፋሽና ገመድ፣ ሁለቱም ድምፃቸው ለብቻው ይለያል፣ መካከላቸው ያለው ክፍት ቦታም የሙዚቃው አካል ነው።

ጸሐፊው ሰማሁት ያሉት ቀረጻ በዘመናዊ የብር ፍሉትና የብረት ገመድ በተወጠረበት ቫዮሊን የተሠራ ነው፤ ራሳቸው ጽፈውታል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት ያለው። የእንጨቱ ፍሉት ላይ ሁሉም ድምፆች እኩል አይወጡም። ሬ ሜጀር ላይ ጣት በተራ በተራው እየተነሳ ስለሚሄድ ድምፁ ጥርት ይላል። ፋ ናቹራል ወይም ሲ ፍላት ላይ ግን አንዱን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ከሱ በታች ያለውን መድፈን ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ጭጋግ እንደለበሰ ይሆናል። የዘመኑ ደራሲዎች ይሄን ያውቁታል። ሐዘን ያለበትን ሐረግ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ያስገቡታል፣ ከዚያ ወደ ሬ ሲመልሱት ፀሐይ እንደወጣ ይሆናል፤ ቫዮሊኑም እዚያ ላይ ክፍት ገመዶቹ ያግዙታልና አብሮ ይበራል። ከአንጀት የተሠራ ገመድ ደግሞ ከብረት ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ ከእንጨቱ ፍሉት ጋር ይዋሃዳል እንጂ አይጫነውም። መቃኛውንም ዛሬ ብዙዎች ላ ላይ 440 ኸርዝ መሆኑን ትተው ወደ 415 ያወርዱታል፤ ግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ ይላል፣ መሣሪያውም ዘና ይላል። በብር ፍሉት ሁሉም ኖታ እኩል ያበራል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ በሱ የሚያምር ብዙ ሙዚቃ አለ፤ ግን ይህን ሙዚቃ ስትጫወቱበት ጥላው ሁሉ ይጠፋና የቀረው ነገር ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። ጸሐፊው የሰሙት ባዶነት እውነት ሊሆን ይችላል። ከኖታው የመጣ ግን አይመስለኝም።

በዘመናዊ መሣሪያ አትጫወቱ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በዘመናዊ መሣሪያ በጣም የሚያምሩ ቀረጻዎች አሉ። አንድ ቀረጻ ሰምቶ ስለ አንድ ሙሉ ዘርፍ መናገር ግን ይከብዳል።

አራተኛው፣ ይመሳሰላሉ የሚለው። ስድስት ሶናታ በተከታታይ፣ በአሳታሚው ቅደም ተከተል፣ ያለ ዕረፍት የያዘ አልበም አሰልቺ ነው፤ ትክክል ናቸው። በዚያ ዘመንም ስድስቱን ባንድ ምሽት የጨረሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ የሚታተሙት በስድስት በስድስት ነው እንጂ የሚጫወቱት እንደ ስሜቱ ነው። ይህ የአልበም አዘጋጆች ጥፋት ነው። «በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸ» የሚል ማስታወቂያ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ለጥፎ ስለ ሙዚቃው ራሱ ሁለት መስመር ብቻ የሚያስቀምጥ አልበምም እኔን ያናድደኛል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

ነገር ግን የብዋሞርትዬ የ1734 ሶናታ ከፈረንሳይ ዳንስ እግሩን ያልነቀለ ነው፤ የኢማኑኤል ባህ የ1748 ዱየት ደግሞ በየአፍታው ስሜቱ የሚለዋወጥ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይጨርስ ዝም የሚል ነገር ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው 14 ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የዘመኑን መጨረሻ ጨምሩበት፤ ቪየና የነበረው ሆፍማይስተር፣ ፓሪስ የነበረው ዴቪየን ለፍሉትና ለቫዮላ የጻፏቸው ዱየቶች ኦፔራ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ነው የሚመስሉት። እነዚህን አንድ ዓይነት የሚላቸው ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ነው።

«ለፍሉት ወይም ለቫዮሊን» የሚለው ሽፋን ብዙ ጊዜ የነጋዴ ነገር ነው፤ አንድ ኅትመት ለሁለት ዓይነት ገዢ እንዲሸጥ። ይሄም እውነት ነው። ግን የብዋሞርትዬና የኢማኑኤል ባህ ሥራዎች እንደዚያ አይሉም፤ ፍሉት «እና» ቫዮሊን ነው የሚሉት። የኦፐስ 51ን የቫዮሊን ክፍል በፍሉት ልጫወት ብትሉ አይቻልም፤ ፍሉት ባንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ አያወጣም። ለድምፁ ግድ የሌለው ሰው እንደዚያ አይጽፍም።

ብዋሞርትዬ ከመቶ በላይ ኦፐስ ያሳተመ፣ በኅትመት ሽያጭ የኖረ ሰው ነው። በፍጥነት ይጽፋል እያሉ ሲተቹት እኔ ገንዘብ አገኛለሁ ይል እንደነበር ይተረካል። ይሄን የጻፈው ዣን ቤንዣመን ደ ላቦርድ በ1780 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ስለ እሱም ሲናገር የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ነው ይለዋል፤ ሊቆፍረው የተነሳ ሰው ግን አንድ ጥፍጥፍ ወርቅ የሚወጣውን ያህል ብናኝ ሊያገኝበት ይችላል። አሉታዊ ለመሆን የተነሳ ሰው እንኳ ቆፍሩ ነው ያለው። ከ240 ዓመት በኋላ እየቆፈርን ያለነው ያንን ጉድጓድ ነው።

አሁን ኖታው በነጻ አለ ወደሚለው። አለ፣ በጣምም ደስ ይላል። ከ2006 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በተከፈተው ነጻ የኖታ ማከማቻ፣ በየሀገሩ ቤተ መጻሕፍት ገጾችም ላይ፣ ድሮ ፓሪስ ድረስ ካልሄዱ የማይታይ ኖታ አሁን ቤት ሆኖ ይገኛል። እኛም ከዚያ ነው የምንጀምረው። ግን የሚገኘው ምንድነው? እነዚህ ዱየቶች በዘመናቸው የታተሙት ብዙ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻቸው ተደርገው ነው። የፍሉቱ አንድ ጥራዝ፣ የቫዮሊኑ ሌላ ጥራዝ። ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ የሚያሳይ ገጽ የለም። አንዱን ክፍል ብቻ ማንበብ ስልክ ከሚያወራ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የአንዱን ወገን ብቻ እንደመስማት ነው። «የፈለገ ያንብበው» የሚባለው ሰው ምኑን ያነባል?

ከራሳችን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከዚያ ዘመን የታተመ አንድ ዱየት አወረድንና ተጫወትነው። ገጹ አጋማሽ ላይ ሁሉ ነገር ተበላሸ። ድምፆቹ ይጋጫሉ። ጓደኛዬ «ይሄ ሰውዬ ጎበዝ አይደለም» አለ፣ እኔም ተስማማሁ። ትተነው ሻይ ጠጣን። ከዚያ ዝም ብዬ የሁለቱን ክፍሎች ባር፣ ማለትም ኖታው በቋሚ መስመር የተከፋፈለበትን ቦታ፣ ስቆጥር የኔ ክፍል በአንድ ባር ያንሳል። ኖታውን ለኅትመት ያዘጋጀው ሰው አንድ ባር ዕረፍት ረስቶታል። ያቺን ባር አስገብተን ስንጀምረው ሙዚቃው እንደተቆለፈ በር ነበር የተከፈተው፤ ቅድም ግጭት የመሰለን ቦታ ሁለቱ ድምፆች እየተቀባበሉ የሚወርዱበት፣ የክፍሉ ሁሉ ቆንጆው ቦታ ሆኖ ተገኘ። እኔ ያን ቀን የተረዳሁት፣ ያን ኖታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፍቶ «የማይረባ ነው» ብሎ የዘጋው ሰው ስንት ይሆን የሚለውን ነው። ቀረጻ ሲሠራ አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ያስተካክላል። ባር ይቆጥራል፣ የጠፋውን ይሞላል፣ ሌላ ቅጂ ካለ ያመሳክራል፣ አስር ጊዜ ይሳሳታል። ሰሚው የሚያገኘው የዚያን ሁሉ ድካም ውጤት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተጫዋችም ከዚያ ይነሳል።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በሕይወት ያሉ ደራሲዎች መደገፍ አለባቸው፣ ከልቤ። ግን ለሁለት ሰው ቀረጻ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ አዲስ ኦርኬስትራ ሥራ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ኦርኬስትራ የለም፣ ኪራይ የሚጠይቅ ሃርፕሲኮርድ የለም፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት ማይክሮፎንና ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱ ይበዛል፤ እንጨቱ ፍሉት እየሞቀ ሲሄድ መቃኛው ከፍ ይላል፣ የአንጀቱ ገመድ ከክፍሉ እርጥበት ጋር ይለዋወጣል፣ አንድ ጥሩ ቅጂ ሊያልቅ ሲል መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ያልፋል። በዚያ ላይ ገቢ የለውም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ሥራ ላይ አይከፍልም፤ የኛ ዓይነቱ ቀረጻ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ይሄንን የሚሠራ ሰው ከማንም ኪስ እየቀማ አይደለም፤ የራሱን ቅዳሜ ነው የሚሰጠው። አዲስ ሙዚቃ የሚጽፉ የማውቃቸው ልጆችም እኛ ጋ መጥተው የሚሰሙት ለዚህ ነው፤ ለሁለት መሣሪያ ብቻ መጻፍ እንዴት እንደሚቻል ከዚህ ይማራሉ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። የኢማኑኤል ባህን የ1748 ዱየት፣ በእንጨት ፍሉትና በአንጀት ገመድ የተቀረጸውን፣ ማታ ቤት ሲረጋ በጆሮ ማዳመጫ አንድ ጊዜ ይስሙት። ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው ዝም የሚሉባቸው ቦታዎች ላይ ቆም ይበሉ። ከዚያ ባዶ ያሉት የትኛው ጋ እንደሆነ ይጻፉልን፤ እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ቅዳሜ የኦፐስ 51ን ሁለተኛ ሶናታ እንጀምራለን፤ የፍሉቱን ክፍል ጓደኛዬ እየገለበጠ ነው፣ እኔ ባር እየቆጠርኩ ነው።